የሦስተኛው እርከን ስንኝ

አንድ ባለ ጉድጓድ ነበረ። ተቀመጪ ምንታምር፤ ጥያቄሽን መሸሼ አይደለም፣ መልሱ ትንሽ ስለሚረዝም ነው። ወረቀቶችሽንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫቸው። እንዲህ አጥብቀሽ ከያዝሻቸው ነገ ማተሚያ ቤት ሳይደርሱ ይጨማደዳሉ።

ያልሽኝን እኔም ልድገመው፣ በደንብ ሰምቼሽ እንደሆነ። የምርቃት መጽሔታችሁ ነገ ይታተማል። ከዘጠነኛ ክፍል አብሯችሁ ጀምሮ አሥራ አንደኛ ላይ ያቋረጠው አዝመራው ፎቶው ከእናንተ ጋር ይግባ ወይስ አይግባ ብላችሁ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «መጽሔቱ የተመራቂ ነው» ይላል። አንቺ ይግባ ትያለሽ። እሱ ራሱ ግን የሚሠራበት ወፍጮ ቤት ድረስ ሄደሽ ብትለምኚው «ተዪኝ ባክሽ፣ እኔ አልጨረስኩም» ብሎ መለሰሽ። ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽና ውሳኔው በአንቺ እጅ ነው። እንግዲህ ስሚኝ።

ባለ ጉድጓዱ ባለጠጋ ነበር። አገሩ ቆላ ነው፤ ዝናብ ከራቀ ወንዝ የሚባል ነገር የለም፤ ከብቱ የሚጠጣው ከመሬት ሆድ ተቀድቶ የወጣለትን ብቻ ነው። የዚያ አገር ሰው ደግሞ በገመድ አይቀዳም። ጉድጓዱ ሰፊና ጥልቅ ሆኖ ግድግዳው ላይ ከታች እስከ አፉ ድረስ እርከን ተቆርጦለታል፤ በየእርከኑ አንድ ሰው ይቆማል። የታችኛው ውኃውን በቆዳ መቅጃ ሞልቶ ወደ ላይ ይወረውራል፣ ከበላዩ ያለው ይቀልበዋል፣ እሱም በተራው ይወረውራል፤ እንዲህ እያለ ዘጠነኛው ሰው እጅ ይደርስና ገንዳው ውስጥ ይገለበጣል። ባዶው መቅጃ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ጉድጓዱ ውስጥ ጨለማ ነው። ከላይ ያለው ከታች የሚመጣለትን አያይም። ታዲያ መቼ እጁን እንደሚዘረጋ በምን ያውቃል? በዘፈን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ስንኝ አለው፤ በስንኙም የገዛ ላሙን በስሟ እየጠራ ያሞግሳል። መቅጃውን ሲቀበል ስንኙን ይጀምራል፣ በመጨረሻው ቃል ላይ ይወረውራል። ከበላዩ ያለው ያንን ቃል ሲሰማ ጎንበስ ብሎ እጁን ይዘረጋል። ሥራቸው የጆሮና የመተማመን ሥራ ነው፤ አንዱ ቃሉን ቢያዛባ ውኃው ይደፋል።

በሦስተኛው እርከን ላይ የሚቆመው ሰው ስንኝ ይህ ነበር፦

«ጠጪ ቦራዬ፣ ውኃው መጣልሽ፤
እኔ ከጨለማ እጄን ላክሁልሽ።»

ድምፁ ጥሩ ነበር ይባላል። ከድምፁ ይልቅ ግን እጁ ነው የሚወራለት፤ አንድ ቀን መቅጃ አምልጦት አያውቅም። ድርቁ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት እናቱ በሩቅ አገር ታመመችበት። ሌላ ልጅ የላትም። ቦራን እየነዳ ሄደ፤ ሄዶም ቀረ።

የቀሩት ስምንቱ ተሰብስበው መከሩ። ቦታውን የሚይዝ ሰው አጡ፤ ያን ጊዜ ጉልበት ያለው ሁሉ መንጋውን ይዞ ተሰዷል። ጉድጓዱ ደግሞ አንድ ቀን ቢቆም ከብቱ ያልቃል። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው የሦስተኛውን እርከን አሳልፎ በቀጥታ ለአራተኛው ሊወረውር ተስማሙ። ይህ ከባድ ውርወራ ነው። ሁለተኛው የራሱን ስንኝ ከጨረሰ በኋላ መቅጃውን ጥቂት ማወዛወዝ አለበት፤ አራተኛውም ከወትሮው ይልቅ ጎንበስ ማለት አለበት። ሁለቱም ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ጊዜውን በምን ለኩት? በሄደው ሰው ስንኝ። የሦስተኛው እርከን ተራ ሲደርስ ስምንቱም በአንድ ድምፅ «ጠጪ ቦራዬ» ይላሉ፤ «ላክሁልሽ» ሲሉ ሁለተኛው በሙሉ ጉልበቱ ይወረውራል፣ አራተኛው ይቀልባል።

እንዲህ አድርገው ድርቁን ሁለት ዓመት ተሻገሩት። በዚያ ቆላ የጎረቤት ጉድጓዶች ሲዘጉ የእነሱ አልተዘጋም። አንዲት ጥጃ አልሞተችባቸውም። ዝናቡ ሊመጣ ሰማዩ ሲጠቁር የሩቅ አገር ሽማግሌዎች ይህን ጉድጓድ ሊያዩ ተነሡ፤ ባለጠጋውም ሊመጡ መሆኑን ሲሰማ ደረቱ ተነፋ። አይፈረድበትም። እኔም ብሆን ይነፋ ነበር።

ነገር ግን የደስታው ብዛት አንድ ሐሳብ አመጣበት። በዋዜማው ስምንቱን ጠርቶ «ነገ ያቺን የቦራን ስንኝ ተዉልኝ» አላቸው።

«ስለ ምን ጌታዬ?» አሉት።

«ሰውየው የለ፣ ላሚቱ የለች፤ በሌለ ሰው በሌለች ላም መዝፈን ምን ይባላል? እንግዶቹ ቢሰሙ ጉድጓዱ ሰው ጎድሎበታል ይላሉ። ስምንት ናችሁ፣ ስምንት ስንኝ ይበቃል። ሥርዓት ይኑረው።»

የታችኛው እርከን ሰው እድሜው የገፋ ነበር። «ጌታዬ፣ እሷ ስንኝ ለጌጥ አይደለችም» ሊለው ጀመረ፤ ባለጠጋው ግን ለእንግዶቹ ማረፊያ ሊያዘጋጅ ተነሥቶ ሄዷል። ጌታ ያዘዘው ነው ብለው እነሱም ዝም አሉ። ዝምታቸው ጥፋት ነበር፤ ይህንንም ልብ በይልኝ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከብቱ ገንዳውን ከቦ ቆመ። ዘፈኑ ተጀመረ። አንደኛው ዘፈነ፣ ወረወረ። ሁለተኛው ዘፈነ፣ የሚያወዛውዝበት ስንኝ የለምና እንዲያው ወረወረ። አራተኛው ገና ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነበር። ሙሉው መቅጃ እጁ ሥር ደርሶ ተመለሰና የሁለተኛውን ሰው ትከሻ መትቶ ታች ወደቀ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ወደቀ። በሦስተኛው ቆዳው ተቀደደ፣ ዘፈኑም ተቋረጠ። ገንዳው ደረቅ ነው። ከብቱ መጮህ ጀመረ፤ ጥጆቹ የገንዳውን ጭቃ ይልሳሉ። ሁለት ዓመት ያልቆመ ጉድጓድ ሰው ሊያየው በመጣበት ቀን ቆመ።

ባለጠጋው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አፈረ። ያዘዘው ነገር ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው። ይህ ሰው አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ የገባውን ነገር እንዳልገባው አያስመስልም። ሌላ መቅጃ ይዞ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄደና ወደ ታች ላከላቸው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በእንግዶቹ ፊት በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አንገቱንም ወደ ጨለማው አስግጎ በዚያ እንደ ተሰነጠቀ ቀንድ በሚንቋረር ድምፁ «ጠጪ ቦራዬ» ብሎ ጀመረላቸው። ከታች ስምንቱ ተቀበሉት። መቅጃው ወጣ። ውኃው ገንዳው ላይ ሲደፋ ከብቱ እየተጋፋ ቀረበ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቦራ የማን ላም ናት? አላየናትም» ብሎ ጠየቀ።

«ሩቅ አገር ያለ ሰው ላም ናት» አለ ባለጠጋው፣ ጉልበቱን እያራገፈ። «ሦስተኛው እርከን ላይ የሚቆመው የእኛ ሰው።»

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

ምንታምር፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ ለአምስት ተማሪ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ነበር የደረሳችሁ። አንዱ ሲያነብ አራቱ አንገታቸውን ያስረዝማሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍላችሁ ብገባ የእናንተ ወንበር መጽሐፍ በምላጭ ተቆርጦ አምስት ቦታ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በጆንያ መርፌ ተሰፍቷል፤ አምስታችሁም በአንድ ጊዜ እያነበባችሁ ነው። «ማን ነው የመንግሥት ንብረት የቀደደው?» አልኩ። አዝመራው ቆመ። «አልቀደድኩትም ቲቸር፣ አካፈልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ እንቀያየራለን» አለኝ። ባንዲራው ሥር አንበረከክኩት፤ በእጁ የነበረውን ሦስተኛውን ቁራጭም ቀማሁት።

በወሩ ፈተና፣ ሦስተኛው ቁራጭ ጎድሎባችሁም፣ የእናንተ ወንበር ክፍሉን በለጠ። በሌላው ሳምንት ስገባ የክፍሉ መጽሐፍ ሁሉ ተቆርጦ ተሰፍቷል። ስልሳ ልጅ አንበርክኬ ማንን ላስተምር ነው? ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ሣቅሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትቀያየሩበትንም «የአዝመራው ተራ» አላችሁት። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አባቱ ሞቶ፣ ታናናሾቹን ሊያሳድግ ወፍጮ ቤት ሲገባ፣ ተራው አልቀረም። ለእሱ ይደርሰው የነበረውን ቁራጭ ከራስሽ ጋር ደርበሽ እያነበብሽ ለሦስቱ ታስረጂ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ አላየሁም መሰለሽ? ዛሬ አዝመራውን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች «ነገ የአዝመራው ተራ ነው» ሲሉ እሰማለሁ።

አሁን አርባ ሦስት ሆናችሁ ትመረቃላችሁ። ቤተ ሙከራ በሌለው፣ ጣሪያው በሚያፈስ ትምህርት ቤት፣ በአንድ መጽሐፍ ለአምስት ተምራችሁ የአገሪቱን ፈተና እንዲህ አድርጋችሁ አለፋችሁት። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንደ እናንተ የኮራሁበት ክፍል የለም። ደግሜ አልነግርሽምና ደስ ካለሽ አሁን ይበልሽ። ግን መቅጃው እስከ ገንዳው የደረሰው በምን ስንኝ እንደሆነ የማይናገር መጽሔት ግማሽ መጽሔት ነው።

እሱ «አልጨረስኩም» ይላል። እውነቱን ነው። የሦስተኛው እርከን ሰውም አልጨረሰም፤ ውኃው ግን በእሱ ልክ ነው የደረሰው። ይህን ንገሪው። ፎቶው ጋዋን የለበሰ ባይሆንም ይሁን፤ ዱቄቱ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ይነሣ። መጨረሻ ገጽ ላይ «የምናስታውሳቸው» ብላችሁ ለብቻው አታስቀምጡት፤ እዚያው በስሙ ተራ፣ በእናንተ መካከል ይግባ።

ባለጠጋው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሽኝም። ግማሹ ኮሚቴ «መጽሔቱ የተመራቂ ነው» የሚለውን ከማን የሰማ ይመስልሻል? ባለፈው ሳምንት እኔ ነኝ የነገርኳቸው። እንግዶች ይመጣሉ፣ ሥርዓት ይኑረው አልኩ። ልክ እንደዚያ ሰውዬ።

እስቲ ያንን መሳቢያ ሳቢልኝ። አዎ፣ እሱ ነው፤ ሦስተኛው ቁራጭ፣ ክሩ እንኳ አልተፈታም። ሦስት ዓመት ተኩል እዚህ ተቀምጧል። ለእሱ የምመልሰው ራሴ ነኝ። ወረቀቶችሽን ያዢና ተነሺ፤ ወፍጮ ቤቱ ሳይዘጋ እንድረስ። በሩ ላይ ስንደርስ አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ልጀምር።