ሾላው ሥር የተገኘው ማነው?

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ውሻ ከሰው እኩል ለምስክርነት በሚቆምበት በእኛው ዘመን፣ ሽባባው የሚባል ማር ቆራጭ ገደል እንደወረደ ቀረ። ሚስቱ አይናዲስ ሁለት ዓመት ጠበቀችው። ሬሳ የለ፣ እርሟን እንዴት ታውጣ? ለቅሶ የሚደርሳት እንኳን አልነበረም። ካፖርቱን ለብሳ ትተኛለች፤ በየሳምንቱ ባርኔጣው ከተገኘበት ሾላ ሥር ወርዳ ብቻዋን ትቀመጣለች። ከልጇ ከትርንጎ በቀር ማንም የላትም።

አንድ ቀን ሳጅን ደምመላሽ የሚባል ፖሊስ አነፍናፊ ውሻውን ይዞ መጣ። «የሚለብሰውን ልብስ ስጪኝ» አላት። ካፖርቱን ሰጠችው። ውሻው አሸተተ፣ ገደሉን ወረደ፣ ሾላው ሥር ቁጭ አለ። ቢቆፍሩ የሰው አጥንት!

«በቃ፣ እሱ ነው። የኔ ውሻ ተሳስቶ አያውቅም፤ እርምሽን አውጪ» አለ ሳጅኑ።

ቀጥላ ዶክተር ውዳላት ከከተማ መጣች። «ለዲኤንኤ ምርመራ ልጁ ታስፈልገኛለች» አለች። አይናዲስ ትርንጎን አቀረበች፤ ምራቋ ተወሰደ። ከሦስት ወር በኋላ ውጤቱ ደረሰ። «የልጅቷ አባት አይደለም፤ ምርመራው አይሳሳትም። ባልሽን ጠብቂው፣ እህቴ።»

«አላልኩሽም እማዬ? አባዬ ይመጣል!» ትርንጎ የአባቷን ጋቢ ልታጥብ ወደ ወንዝ ሮጠች።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ እንግዳሸት ሁለቱንም አልሰሟቸውም። «የማንም ይሁን፣ አልቃሽ ያጣ አጥንት ነው። አንቺም የምታለቅሽበት አጥተሻል። እሑድ ድንኳኑን እንትከልና ይቀበር» አሏት።

አሁን አይናዲስ ብቻዋን የምታውቀውን ስሙ። ካፖርቱ የሚሸተው እሷን ነው። ሾላው የእሷ መቀመጫ ነው። ታዲያ ውሻው ማንን ተከተለ? ያ ገደል እንደሆነ ስንቱን መንገደኛ በልቷል!

ትርንጎንም አልወለዷትም። እዚህ መንደር ከመምጣታቸው በፊት ወላጅ እናቷ በወሊድ ስትሞት፣ ሽባባው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባትና «ልጄ ነሽ» አለ። አይናዲስንም ለማንም እንዳትናገር አስማላት። በአገሩ ወግ እንዲህ ጣት የጠባች የጡት ልጅ እንደ ወለዷት ናት፣ አለቀ። ዶክተሯ «ልጁ» ስትል አይናዲስ አልዋሸችም እኮ፤ ጨርሶ ትዝ አላላትም! ነገሩ የገባት ውጤቱ ሲነበብ ነው።

የሽባባው ወንድም ሩቅ አገር በሕይወት አለ። የእሱ ምራቅ ቢመረመር ነገሩ ይለያል። ግን «ልጁ እያለች ለምን?» መባሉ አይቀርም፤ ያኔ ትርንጎ እንዳልወለዷት ትሰማለች።

እሑድ ሆነ። አጥንቱ ያለበት ሳጥን ደጅ ተቀምጧል። ትርንጎ የታጠበውን ጋቢ እያጠፈች ቀና አለች።

«እማዬ፣ ምን አስለቀሰሽ?»

አይናዲስ አፏን ከፈተች።

እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ስንት ጊዜ ፈርጄ ስንት ጊዜ መልሼ አፈረስኩት መሰላችሁ! በሉ እናንተ ተከራከሩበት፦ እውነቱ የሚገባው ለማን ነው? ስሙን አጥቶ ሳጥን ውስጥ ለተኛው፣ አባቷን በር ከፍታ ለምትጠብቀው ልጅ፣ ወይስ እርሟን ላላወጣችው ለአይናዲስ?