ሁለተኛው ማንኳኳት

መስጂዷ ከግንቧ ትቀድማለች በምትባል አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሰው ሲጣላም ሲጠራጠርም እሳቸው ደጅ ይመጣል። እሳቸው ግን ደክሟቸዋል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በኋላ የሚመኙት ማንም ሳይጠራቸው ጋደም ማለት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ገና ጋደም ከማለታቸው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዓብዱረዛቅ፣ ጁነይድ የሚባል ወጣት ክንድ ይዞ ገባ።

«ሐጂ፣ ይህ ልጅ ዓይኑን በጨው አጥቦ ‹ለትምህርቴ› እያለ በየቤቱ ይዞራል። ደረሳ መስሎን ሰጠነው። ለካስ የሚማረው ኪታብ ሳይሆን ነርስነት ነው። ሐራም ነው በሉልንና እንገላገል።»

በዚያች ከተማ ዲን፣ ሃይማኖት፣ የሚማር ደረሳ ደጅ ቆሞ ከለመነ ባዶ እጁን አይመለስም። ሐጂም ራሳቸው ሰጥተውታል፤ ለሟች ባለቤታቸው ዱዓ እንዲያደርግ አደራ ብለውትም ነበር። ከፋቸው። ሐራም ነው ብለው ቢተኙ የሚቀየማቸው አልነበረም።

«ደረሳ ነኝ ብለሃል?» አሉት።

«አላልኩም። እንደመሰልኳቸው ግን ገብቶኛል፤ ዝም አልኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንበላውም ከሰው ነው። ምዝገባው ጁሙዓ ያልቃል።»

«የቸገረው ለትምህርቱ ቢለምን ሐራም አልለውም። በዝምታህ ግን የሰው ሐቅ ይዘሃል። በየደጁ ተመለስና ለምን እንደሆነ ንገራቸው። መልስ ያለህን መልስ። የእኔን ሐላል ብዬሃለሁ።»

ጁነይድ አንገቱን ደፋ። «የመጀመሪያውን ያንኳኳሁት እያፈርኩ፣ መሬት ዋጪኝ እያልኩ ነው። ሁለተኛ አልችልም። ትምህርቱ ይቅርብኝ።»

 ሐጂ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። «ተነስ። እኔ አንኳኳለሁ።»

ዞሩ። አንዳንዱ የሰጠውን መልሶ ወሰደ፤ አንዳንዱ ሐላል ይሁንልህ አለ። በየደፉ እየተቀመጡ፣ እያረፉ ሄዱ። አንድ ቤት ግን ከውስጥ የሴት ድምፅ፣ በሩ ሳይከፈት፣ ለለማኝ እንደሚባለው «አላህ ይስጥህ» አለ። ሐጂ «አሚን» ብለው አለፉ። ጁነይድ ዕንባው መጣ።

መጨረሻ የዓብዱረዛቅን በር አንኳኩ። ሰውየው ከፍቶ ሲያያቸው ደነገጠ።

«ሐጂ፣ በዚህ ጉልበትዎ! ልጁን ብቻ ቢልኩት ምን ነበር?»

«ልጁማ መጥቶ ነበር» አሉ ሐጂ።

 ዓብዱረዛቅ ገብቶ ለምዝገባው የጎደለውን ይዞ ወጣና ለሐጂ ዘረጋ። ሐጂ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ለእሱ ስጠው» አሉ። ቀጥለውም፦ «ስለሚያንኳኳው ጠየቃችሁኝ። ውስጥ ስላለው ሰው ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

ወገኖቼ፣ ሐጂ ልጁን አልሸነገሉትም፤ የያዘውን ሐቅ በየደጁ አስመለሱት። እኛ ግን የለማኙን ሐላልና ሐራም ስናጣራ፣ ጎረቤታችን ደጃችን እስኪቆም ድረስ ችግሩን ባለማወቃችን ላይ ፍርድ አንጠይቅም። ያሳዝናል። ጁነይድ ጁሙዓ ሳይደርስ ተመዘገበ። ሐጂ ያን ዕለት ዒሻን፣ የምሽቱን ሶላት፣ የሰገዱት ተቀምጠው ነው።