አያ ጅቦ እና የማይሸተው አጥንት

አንድ ጊዜ፣ ያውም የዱር እንስሳ ሁሉ ስልክ በያዘበት ዘመን፣ ከጭንቅላቱ ይልቅ ሆዱ የሚያስብለት አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ነበር። በዚያ ዱር ግብይቱ የሚካሄደው በዲጂታል አጥንት ነው። ይህ አጥንት አይታይም፣ አይቆረጠምም፤ ስልክ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ይቀመጥና ሲፈልጉ እውነተኛ ሥጋ ይገዙበታል። ለአያ ጅቦ ትልቅ እፎይታ ሆኖለት ነበር። ድሮ በቀን ገበያ ብቅ ካለ ድንጋይ ይዘንብበት ነበራ! አሁን ዋሻው ውስጥ ተጋድሞ በአንድ ጣቱ ይሸምታል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይበላ፣ ኧረ ጅብ ሳይበላ ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ትንሽ ቀነስ አድርጎ እየበላ እንበል፣ ሦስት መቶ አጥንት አጠራቀመ። የመጀመሪያ ልጁን ሊድር ነው። ለሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቷል፤ ከማዶ ጫካ የሚመጡት የሙሽራው ወገኖች ደግሞ በአበላላቸው የታወቁ ናቸው። «ሦስት መቶው ባይበቃ ምን ይውጠኛል?» እያለ ሲብሰለሰል፣ እመት ቀበሮ ከዋሻው ደጃፍ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንደምን ዋልክ አያ ጅቦ! ሰርግ ደረሰ አሉ። ባዶ እጄን አልመጣሁም፣ የምሥራች ይዤ ነው።»

«ሥጋ ነው?» አለ ጅቦ።

«ከሥጋ ይበልጣል። አጥንት የሚወልድ አጥንት ነው። ሦስት መቶ ታስገባለህ፣ በሳምንቱ ስድስት መቶ ሆኖ ይመለስልሃል። አንተ ተኝተህ መጠበቅ ነው።»

አያ ጅቦ አፍንጫውን ስልኳ ላይ ደቅኖ አሸተተ። ሦስት ተራራ ማዶ የሞተች ላም የማታመልጠው አፍንጫ ነው። ከስልኩ ግን ምንም አልሸተተውም። «ካልሸተተ ንጹሕ ነው» ብሎ ደመደመ። ምርመራው በዚህ አበቃ።

ቢሆንም በዚያ አገር ያለ ዋስ ጨው እንኳ ስለማይበደሩ፣ እሱም በወጉ «ዋስሽ ማነው?» ሲል ጠየቀ።

እመት ቀበሮም ይህንኑ ስትጠብቅ ነበር። ስልኳን ከፍታ አንድ ፎቶ አሳየችው። አያ አንበሳ ጎፈሩን አበጥሮ፣ ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ፈገግ ብሏል።

«የመጀመሪያው ደንበኛዬ እሳቸው ናቸው። ካላመንከኝ ሂድና ጠይቃቸው።»

ጅቦ ወደ ኋላው አፈገፈገ። «አያ አንበሳን? እኔ? ‹ጌታዬ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?› ብዬ? ምነው፣ ልታስበይኝ ነው እንዴ!»

«እኔም ብሆን፣ ትልቅ ሰው መጠራጠር ነውር ነው ባይ ነኝ» አለች ቀበሮ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። «በል የምስጢር ቁጥርህን ንገረኝ፤ በዚያ ወፍራም ጣትህ ከምትሳሳት እኔው አስገባልሃለሁ።»

እትዬ አህያ ይህን የሰማችው በዚያ ስታልፍ ነው። መሮጥ የሚያስችላትን ያህል ርቀት ጠብቃ ቆመችና፣ «አያ ጅቦ! የምስጢር ቁጥር እኮ ለሚስትም አይነገርም! አያ አንበሳን መጠየቅ ካፈርክ እኔ ልጠይቅልህ» ብላ ጮኸች።

አያ ጅቦ ግን ከእራቱ ምክር የሚቀበል ዓይነት አልነበረም። «አንቺ ይልቅ ለራስሽ እወቂ» አላትና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ለቀበሮ ነገራት። መሃል ላይ አንዷን ተሳስቶ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቆ አረማት።

ሳምንቱ ሞልቶ ስልኩን ሲከፍት ዜሮ ይላል። አጠፋው፣ አበራው፣ ነቀነቀው። አሁንም ዜሮ። ቀበሮ ጋ ደወለ።

«አይዞህ፣ ስድስት መቶው ደርሷል» አለችው። «ለማስለቀቂያ ሃምሳ ብቻ ላክ።»

ጅቦ ደስ አለው። ሚስቱ ለሙሽራዋ ጌጥ ያስቀመጠችውን ሃምሳ አጥንት ለምኖ ላከ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቀበሮ ስልክ አይሰራም። ያኔ ጅቦ ገባውና ዋሻው ውስጥ ተደፍቶ አለቀሰ። ልጁ ታሳዝናለች። ቤቱ ውስጥ ለእንግዳ የሚቀርብ አንዲት ጅማት እንኳ የለም።

በሰርጉ ዋዜማ የዱሩ ሽማግሎች የድግሱን ዝግጅት ሊጠይቁ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። በሸንጎ ቀን መበላላት ክልክል ስለሆነ እትዬ አህያም መጥታለች። ሚስቱ ጅቦን «ሥጋውን ጎርፍ ወሰደው በል፤ ተታለልኩ ብለህ ልጄን መሳቂያ እንዳታደርጋት» ብላ መክራው ነበር። እሱም እሺ ብሎ ሲለማመድ አድሯል።

አያ አንበሳ «ድግሱ እንዴት ነው?» ሲለው፣ ጅቦ አፉን ከፈተና ሌላ ነገር ወጣው።

«ተበላሁ!» ብሎ አለቀሰ። «በቀበሮ ተበላሁ ጌታዬ!»

ማንም አልሳቀም። ዝንጀሮ መሬት መሬት እያየ «ስንት?» አለ።

«ሦስት መቶ ሃምሳ።»

«እኔን መቶ ሰማንያ» አለ ዝንጀሮ። ከርከሮም «እኔን ሁለት መቶ» አለ፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም ነበር። ሁሉም በዚያች በአንዲት ፎቶ አምኖ፣ ሁሉም ለመጠየቅ አፍሮ የተበላ ነው።

እትዬ አህያ ወደ አንበሳ ዞረች። «ጌታዬ፣ ፎቶው የእርስዎ ነው?»

አያ አንበሳ መዳፉን እየመረመረ መለሰ። «የእኔ ነው። አንድ ሺህ በላችኝ። ‹የዱር ንጉሥ በቀበሮ ተሞኘ› ከሚባል ብዬ ዝም አልኩ።»

በሕይወቱ አንበሳን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቀው አያ ጅቦ ብድግ አለ። «እርስዎ ዝም ባይሉ እኮ እኔ አልበላም ነበር! የልጄን ሰርግ የበላው የእርስዎ ኩራት ነው!» አለው።

አንበሳ ሊያገሳ ከጀለና ተወው። «እውነትህን ነው» ብሎ ተነሳ። በማግስቱ ራሱ ያደነውን ጎሽ እየጎተተ ሰርጉ ቤት ደረሰ። እንግዶቹም እስከ ሰኮናው ጨረሱት። ቀበሮ ግን አጥንቱን ይዛ ከወንዝ ማዶ ከተሻገረች ሰንብታለች፤ አንድም አልተመለሰም።

ከዚህ የምንማረው፣ በትልቅ ሰው ስም የመጣልንን ትርፍ ባለቤቱን ጠይቀን ለማረጋገጥ ማፈር እንደሌለብን፣ ከተበላንም ዝም ማለታችን ለሌባው ቀጣዩን ምሳ ማቅረብ መሆኑን ነው።