የቀይ ሐረግ መድኃኒትና የጃርት ማውጫ

እስቲ ቀረብ ቀረብ በሉ፤ ጆሯችሁን ለእኔ፣ ልባችሁን ለነገሩ ስጡ። ዘመኑ ሩቅ ነው። እንስሳት የሚያወሩበት፣ መጻሕፍትም ሲገለጡ የሚናገሩበት ዘመን ነበር።

በዚያ ዘመን ከአንድ ተራራ ሥር ሰፊ ዋሻ ነበረ። ዋሻው የእንስሳት የመጻሕፍት ቤት ነው። ጠባቂው አባ ጃርት ይባላሉ። ከጀርባቸው አንድ እሾህ ነቅለው፣ ጫፉን ቀርጸው፣ ቀለም አጥቅሰው፣ እንስሳት ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ በዛፍ ልጥ ላይ ይጽፋሉ። በብራና እንዳይጽፉ ብራና የዘመድ ቆዳ ነው። ዝሆን አዲስ ምንጭ ቢያገኝ ይጻፋል። ንብ አበባ የጠፋበትን ዓመት ብትናገር ይጻፋል። ተጽፎ ተጽፎ መጻሕፍቱ ሦስት መቶ ሞሉ። አባ ጃርትም ደርድረዋቸው፣ "ሁሉም ተጽፏል" ብለው ደስ ይላቸው ነበር።

አንድ ክረምት እመት አህያ እየሮጠች መጣች።

"አባ ጃርት፣ ውርንጭላዬ ጉሮሮው ተዘጋ። መተንፈስ አቃተው። መድኃኒቱ እናንተ ዘንድ ተጽፏል አሉኝ።"

"አዎ፣ ተጽፏል።"

"የቱ ላይ?"

አባ ጃርት መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። "ከእነዚህ ባንዱ ነው" አሉ።

አንድ ቀን አገላበጡ፣ የለም። ሁለት ቀን አገላበጡ፣ የለም። በሦስተኛው ቀን ከታች የተቀመጠውን ወፍራም መጽሐፍ ሲገልጡት፣ "እኔ ዘንድ ነው" አለ።

"ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?"

"ሳልገለጥ በምን አፌ ልናገር? ጀርባዬ ላይ የጻፉት 'ዝንጀሮዎች ወደ ቆላ የወረዱበት ዘመን' የሚል ነው። መድኃኒቱ ከመሐሌ እንዳለ ማን ያውቃል?"

አባ ጃርት መድኃኒቱን በልጥ ላይ ገልብጠው ወደ እመት አህያ ቤት ሮጡ። እሷ ደጃፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

"አልቆየልኝም፣ አባ" አለች።

የያዙትን ልጥ የሚያደርጉበት ጠፋቸው።

እንስሳት ተሰበሰቡ። ጦጢት ተነሥታ፣ "ችግሩ የመጻሕፍቱ መርዘም ነው። እኔ አሳጥራቸዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃዋል" አለች። ሁሉም ተስማሙ። ጦጢት እጇ ፈጣን ነው፤ ሦስት መቶውን በሦስት ሳምንት ጨረሰች። ወፍራሙ መጽሐፍ "ልጄ፣ እስከ መጨረሻዬ አላነበብሽኝም" ቢላት፣ "ዋናውን አግኝቻለሁ" ብላ ዘጋችው።

በሽታው ተመልሶ መጣ። አሁን የተያዘችው በጊቱ ነበረች። ጦጢት ወዲያው አንዲት መስመር አውጥታ አነበበችላት፦ "ለሚያንቅ በሽታ የቀይ ሐረግ ቅጠል ቀቅሎ መጠጣት።" በጊቱ ጠጣች። ጉሮሮዋ በማግስቱ ተከፈተ። ነገር ግን በሆዷ የነበረው ግልገል ወረደ።

ወደ ዋሻው መጣች። ድምፅዋን አላነሣችም።

"እንዲህ ነበር የተጻፈው?" ብላ ጠየቀች።

አባ ጃርት ወፍራሙን መጽሐፍ ገለጡት። መጽሐፉም ተናገረ፦ "ቀይ ሐረግ ቀቅሎ መጠጣት ያድናል። ያረገዘች ግን እንዳትጠጣ፤ ጽንሷን ያስወርዳታል። እሷ እንፋሎቱን ብቻ ትታጠን።"

ጦጢት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። "እኔ እኮ ቶሎ እንዲገኝ ብዬ ነው።"

"ቶሎ ተገኝቷል" አለች በጊቱ። ከዋሻውም ወጣች።

በማግስቱ ጦጢት ወደ ዋሻው ሳትመጣ ቀረች። አባ ጃርት ዛፏ ድረስ ሄደው፣ "ውረጂ" አሏት።

"በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

"እኔስ እመት አህያን በምን ዓይኔ አያታለሁ? አንቺ ቆርጠሽ ጣልሽ፣ እኔ ከምሬ ደበቅሁ። አሁን እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።"

ጦጢት ወረደች። ሥራውን እንደ አዲስ ጀመሩ። እያንዳንዱን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ቅጠል ያነባሉ። አንድ ነገር ከመተው በፊት አባ ጃርት፣ "ይህ ቢቀር ማን ይጎዳል?" ብለው ይጠይቃሉ። የሚጎዳ ከሌለ ይቀራል፤ ካለ ይገባል። የዝንጀሮዎቹ ረጅም ጉዞ ሁለት መስመር ሆነ። መድኃኒቱ አምስት መስመር ወሰደ።

"መድኃኒቱ ከታሪኩ በለጠ እኮ" አለች ጦጢት።

"ይብለጥ" አሉ አባ ጃርት።

ከዚያ ደግሞ ቤት ለቤት ዞሩ። "ይህን በሽታ ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?" እያሉ ጠየቁ። አህዮች "ጉሮሮ ዘጊ" አሉ። በጎች "የሚያንቅ" አሉ። ፍየሎች "ትንፋሽ ቀሚ" አሉ።

"ትክክለኛው የቱ ነው?" አለች ጦጢት።

"ሦስቱም። የጨነቀው ይዞ የሚመጣው የራሱን ቃል ነው፤ የእኛን ቃል ከየት ያመጣዋል?"

ሦስቱንም በፊደል ተራ ጻፏቸው። በየቃሉ አጠገብ የመጽሐፉን ቁጥርና የቅጠሉን ቁጥር አስቀመጡ። ለውኃውም፣ ለድርቁም፣ ለንቡም እንዲሁ አደረጉ። ያንን ዝርዝር ማውጫ አሉት።

በተከታዩ ክረምት አያ ፍየል እያለከለከ ዋሻው ደረሰ። አባ ጃርት ልጥ ሊልጡ ጫካ ሄደዋል፤ ያለችው ጦጢት ብቻ ናት።

"ትንፋሽ ቀሚ ቤቴ ገባ። ሚስቴን ያዛት።"

ጦጢት ማውጫውን ገልጣ "ት" ላይ አገኘችው። አርባ አንደኛው መጽሐፍ፣ አሥራ ሁለተኛው ቅጠል። አሳጥረው የጻፉትን አምስት መስመር ማንበብ ስትጀምር አያ ፍየል፣ "ቀይ ሐረግ፣ ገባኝ" ብሎ ሊሮጥ ተነሣ። ጦጢት ቀንዱን ያዘችው።

"ቁም። ሚስትህ እርጉዝ ናት?"

"ሦስት ወሯ ነው።"

"እንግዲያው እንዳትጠጣ። እንፋሎቱን ብቻ ትታጠን። በል፣ ያልሁህን ድገምልኝ።"

ደገመላት። ሦስት ጊዜ አስደገመችውና ቀንዱን ለቀቀችው። ሚስቱ ዳነች፤ በሁለተኛው ወር መንታ ወለደች።

እንግዲህ የምላችሁ እንዲህ ነው። ብዙ የጻፈ ሁሉ የሚፈልግ ሰው እንዲያገኘው መንገዱን ያሳይ፤ የሚያሳጥርም የሚቆርጠው ቃል ለማን ሕይወት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። እኔ የሰማሁትን አደረስኋችሁ። እናንተም ለሌላ ስትነግሩ ቢረዝምባችሁ አሳጥሩት፤ በጊቱን ግን አትተዉአት።