አራተኛው ውድድር

አንድ ምላሱ ስል የሆነ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለሙያ ማኅበሩ ሊቀመንበርነት ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሦስቴም ተሸነፈ። መጀመሪያ አምስት ድምፅ አገኘ፤ ቀጥሎ አራት፤ ከዚያ ሁለት። «በሚቀጥለው የራሴም ድምፅ ሳይከዳኝ አይቀርም» እያለ በራሱ ይስቅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ለአራተኛ ጊዜ ተመዘገበ።

የሊቀመንበርነቱ ሥራ ደመወዝ የሌለው በጎ ፈቃድ ቢሆንም፣ ዶክተር አጥናፍሰገድ ወንበሩን ከያዙ ዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። በምርጫው ቀን ሁለቱም መድረክ ላይ ወጡ። ዶክተሩ ዲግሪዎቻቸውንና ያሳተሟቸውን ጥናቶች ዘርዝረው ሲጨርሱ ወደ ተወዳዳሪያቸው ዞሩ።

«ለመሆኑ አንተ ከእኔ የምትበልጥበት ነገር ካለ ለጉባኤው ተናገር። አንድ ብቻ ይበቃናል። ከሌለህ ግን ጊዜያችንን አትብላ፤ ራስህን አግልል።»

ሰውየው ያለውን መቁጠር ጀመረ። ዲግሪ የለውም፤ ያሳተመው ጽሑፍ የለም፤ የለበሰው ኮት እንኳ የወንድሙ ነው። የሚበልጥበትን ፈልጎ ፈልጎ በመጨረሻ አገኘው።

«አለ፣ ዶክተር» አለ ጎንበስ ብሎ። «በመውረድ እበልጥዎታለሁ። እኔ ከዚህ መድረክ ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ። እርስዎ ግን በዐሥራ ሁለት ዓመት አንዴም አልሞከሩትም። ከፈቀዱልኝ ዛሬ ደረጃውን አሳይዎታለሁ።»

ጉባኤው ሳቁን ሳይጨርስ ድምፅ ሰጠ፤ ሰውየውም አሸነፈ። ኪሱ ውስጥ የነበረው ንግግር ግን ለዶክተሩ የተዘጋጀ የደስታ መግለጫ ብቻ ነበርና፣ ያንኑ አውጥቶ በጉባኤው ፊት ራሱን በአንቱታ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ።