የውዳሴ ክንፍና የእማማ ስንዱ ክዳን

ወሬ ወሬ ስላችሁ «ከደረጃው ሥር!» ብላችሁ ተቀበሉኝ። ጠበቅ አድርጋችሁ ተቀበሉኝ፤ ይሄኛው ወሬ አራት ፎቅ ወጥቶ አራት ፎቅ ይወርዳል።

በአንድ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ ዘጠኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውዳሴ የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። የጃፓን ካርቱን ነፍሷ ነው። እነሱ አኒሜ ይሉታል። በዓመት አንድ ቀን እንደ እሷ ያሉት ሁሉ ትልቅ አዳራሽ ይሰበሰቡና፣ የካርቱኑን ሰው ልብስ በእጃቸው ሠርተው፣ ቁርጥ እሱን መስለው ይመጣሉ። ለዚህም ስም አለው፤ ኮስፕሌይ ይባላል። «ሥራ የፈታ ሁሉ» ያለ ጎረቤት አለ፤ ስሙን አንጠራውም፣ ራሱን ያውቃል።

ዘንድሮ ውዳሴ የመረጠችው፣ በደመና ለተዘጉ መንደሮች እየበረረች ደብዳቤ የምታደርሰውን ባለ ክንፍ ልጅ ነው። ቀሚሱ ከእናቷ አሮጌ መጋረጃ ወጣ። የደረቱ ጥሩር ከድሮ ፍራሽ ስፖንጅ ተቆረጠ። ሰማያዊው ጸጉር የሹሩባ ዊግ ነው። ላባው ከሩዝ ጆንያ አንድ በአንድ በመቀስ የወጣ ነው፤ ሦስት መቶ አርባ ላባ! ክቡ ጋሻዋ ላይ ደግሞ ፀሐይ ሥላለች፤ አንድ ቅንድቧን ሰቅላ፣ ፍንጭት ጥርሷን ገለጥ አድርጋ የምታይ ፀሐይ። የጋሻውን ነገር ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

የቀራት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። የግራ ክንፏን ከማንገቻው ጋር መስፋት። ማንገቻው ወፍራም ሸራ ስለሆነ ሦስት የእጅ መርፌ ሰብሯል። በማስቲሽ እንዳትለጥፈው፣ አምና በማስቲሽ የለጠፈችው ጅራት መድረክ ላይ ዱብ ብሎባት አዳራሽ ሙሉ ሰው ስቆባታል። ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። «ሁለተኛ በማስቲሽ መድረክ ብወጣ!» ብላ ምላለች። በዓሉ ደግሞ ነገ ቅዳሜ ነው።

ዓርብ ጠዋት ዊጓን እንዳጠለቀች፣ ክንፏን ታቅፋ፣ ከደረጃው ሥር ወደሚሰፉት ወደ ጋሽ ፈለቀ ወረደች።

«ጋሼ፣ ይቺን ክንፍ በስፌት መኪናዎ ይምቱልኝ።»

ጋሽ ፈለቀ ክንፉን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ሱሪ አሳጥሬያለሁ፣ ቀሚስ አስፍቻለሁ። ዶሮ ሰፍቼ ግን አላውቅም።»

«ዶሮ አይደለም ጋሼ!»

«በቃ ንስር ይሁንልሽ። እሰፋልሽ ነበር፣ የመኪናዬ ቺንጋ ተበጠሰ እንጂ።» ፔዳሉን ረገጥ አደረጉት፤ እግራቸው ብቻ ተወዛወዘ፣ መንኰራኩሩ ንቅንቅ አላለም። «አዲስ የማገኘው ሰኞ ነው። ቀጭን የጎማ ከመነዳሪ ቢገኝ ግን ቋጥሬ አዞረው ነበር። ዘበኛው ዳምጤ አለው።»

እንግዲህ ጎማ ከሌለ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ክንፉ አይሰፋም፤ ክንፉ ካልተሰፋ ውዳሴ መድረክ አትወጣም።

ውዳሴ ወደ ግቢው በር ሮጠች።

«ጋሽ ዳምጤ፣ ጎማ አለዎት አሉኝ።»

«አለኝ፤ ተቀምጬበታለሁ» አሉ ጋሽ ዳምጤ። እውነታቸውን ነው። የወንበራቸው መቀመጫ ድሮ ተቀዶ፣ በጎማ ተጠላልፎ የታሰረ ነው። «እሱን ብፈታልሽ በምን ልቀመጥ? ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ቆሜ ካደርኩ ሌባው ራሱ ነው አዝኖ ደግፎ የሚያስገባኝ። ከጠጅቱ ሱቅ አንድ የለስላሳ ሳጥን አምጪልኝ፣ ጎማውን ከነወንበሩ ውሰጂው።»

እንግዲህ ሳጥን ከሌለ ጋሽ ዳምጤ አይነሱም፤ ጋሽ ዳምጤ ካልተነሱ ጎማው አይፈታም፤ ጎማው ካልተፈታ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ክንፉ አይሰፋም፤ ክንፉ ካልተሰፋ ውዳሴ መድረክ አትወጣም።

እትዬ ጠጅቱ ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው። ሳጥኑ ለማን እንደሆነ ሲሰሙ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ለምን እንዳስተካከሉ ግቢው በሙሉ ያውቃል።

«ለዳምጤ ነው? ለእሱማ ምን ይነፈጋል! ግን ተመልከቺ የኔ እናት።» የሱቁ የብረት በር ማጠፊያው ተሰብሮ ተንጋዷል፤ ደግፎ የያዘው ጠርሙስ የሞላው ሳጥን ነው። «ሳጥኑን ካነሳሁት በሩ ከነመስኮቱ ላዬ ላይ ነው። በያጁ ምናሴ ይምጣና ማጠፊያውን ይምታልኝ፤ ሳጥኑን ከነትራሱ እሰጥሻለሁ።»

እንግዲህ በሩ ካልተበየደ ሳጥኑ አይነሳም፤ ሳጥን ከሌለ ጋሽ ዳምጤ አይነሱም፤ ጋሽ ዳምጤ ካልተነሱ ጎማው አይፈታም፤ ጎማው ካልተፈታ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ክንፉ አይሰፋም፤ ክንፉ ካልተሰፋ ውዳሴ መድረክ አትወጣም።

ምናሴ ብሎክ አሥር ምድር ቤት ነው። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የሰባት ወር ልጁን ታቅፎ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። የልጁ ጩኸት ከምናሴ በፊት ደጅ ወጥቶ ነው እንግዳ የሚቀበለው።

«የት ልሂድልሽ?» አለ ምናሴ። «እናቱ ሥራ ናት፣ እሱ ጥርስ ያበቅላል፣ እኔ እብደት አበቅላለሁ።»

«እኔ ልያዝልህ፤ አምጣው።»

ልጁን ተቀበለችው። ቀና ብሎ ሰማያዊውን ጸጉር አየ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የጮኸውን ጩኸት የብሎክ አሥራ ሁለት ውሾች ተቀበሉት።

«አየሽ?» አለ ምናሴ ልጁን መልሶ እየተቀበለ። «ብረት እንኳ ሲቆረጥ እንዲህ አይጮህም። ይሄ ጌታ ዝም የሚለው እማማ ስንዱ ጀርባ ላይ ብቻ ነው። እሳቸው ይዘሉልኝ፣ እኔ በሩን በአሥር ደቂቃ እበይዳለሁ።»

እንግዲህ ልጁ ካልታዘለ ምናሴ አይወጣም፤ ምናሴ ካልወጣ በሩ አይበየድም፤ በሩ ካልተበየደ ሳጥኑ አይነሳም፤ ሳጥን ከሌለ ጋሽ ዳምጤ አይነሱም፤ ጋሽ ዳምጤ ካልተነሱ ጎማው አይፈታም፤ ጎማው ካልተፈታ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ክንፉ አይሰፋም፤ ክንፉ ካልተሰፋ ውዳሴ መድረክ አትወጣም።

ወደ ብሎክ ዘጠኝ ተመልሳ አራተኛ ፎቅ ወጣች። እማማ ስንዱ ከቤታቸው በር ላይ፣ ከውሃ በርሜላቸው አጠገብ፣ መጥረጊያ እንደ ጦር ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ የምናሴን ልጅ ያዝሉልኛል?»

«አላዝልም።»

«ምነው እማማ?»

«በርሜሌ ክዳን የለውማ! ውሃ በስድስት ቀን አንዴ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ የላይኞቹ ድመት ልጠጣ ትላለች፣ እርግቡ ልታጠብ ይላል፣ የልጆቹ ኳስ ልዋኝ ይላል። ክዳኔን ከወሰዱብኝ ሦስት ሳምንቱ።»

«እኔ ልጠብቅልዎት?»

«አንቺ ዓይንሽ ስልክሽ ላይ ነው።»

«እሺ ልጁን እዚህ ላምጣልዎት?»

«እጁን ይንከርበት? አልነሳም ብያለሁ፣ ብያለሁ! ክዳኔ እስኪመለስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰፌድ ተሰቅሏል። በርሜሉን ልክክ አድርጎ ይከድናል። ወጪ ወራጁ ሁሉ ያየዋል፤ ለእማማ ስንዱ የሚነግር ወንድ ግን በአራቱም ፎቅ አልተገኘም።

«ለመሆኑ ክዳኑ ምን ይመስላል?» አለች ውዳሴ።

«ክብ ነው። ጥቁር። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ተልጧል።»

ክብ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተላጠ። ከውዳሴ አልጋ ራስጌ ያለው፣ ፀሐይ የሣለችበት ጋሻ ከቀለሙ በታች ጥቁር ነው፤ ጠርዙም ተልጧል።

እንዴት እጇ ገባ? በዚህ ግቢ ቆሻሻ የሚነሳው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሐሙስ ጠዋት ደረጃ ላይ የቆመ ነገር የማንም አይደለም፤ ፈልጎ የሚያነሳው አነሳው፣ ያልተነሳውን መኪናው ይጭነዋል። ይሄ ሕግ ነው። ውዳሴም ያነሳችው ሐሙስ ጠዋት፣ ከሁለት የቆሻሻ ጆንያ መሀል ነው።

ውዳሴ ወርዳ ክፍሏ ገባች። ጋሻውን አየችው። ከሠራችው ሁሉ የምትወደው እሱን ነው፤ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል። ደግሞስ በምን ዓይኗ ታሳያቸዋለች? የካርቱኑ ፀሐይ ቁጡ አሮጊት ናት፤ ውዳሴ ደግሞ ቁጡ አሮጊት ለመሣል ርቃ አልሄደችም። ያ የተሰቀለው ቅንድብ፣ ያ ፍንጭት ጥርስ፣ የአራተኛው ፎቅ ነው።

መሳቢያውን ከፈተች። ማስቲሹ አለ። ክዳኑን ከፈት አድርጋ አሸተተችው። አምና የሳቀባት አዳራሽ ሸተታት።

መለሰችው። ጋሻውን አንስታ ደረጃውን ወጣች።

«እማማ... ክዳንዎ ይኸው።»

እማማ ስንዱ መጥረጊያቸውን ጣሉ። «አንቺ ነሽ! ከሥሬ ቁጭ ብለሽ!»

«ሐሙስ ነበር እማማ። ከቆሻሻ ጆንያ ጋር ቆሞ አገኘሁት።»

«አጥቤ እንዲደርቅ ነው ያቆምኩት!»

«በሐሙስ?»

ሐሙስን ማን ይከራከረዋል? እማማ ስንዱ ክዳኑን ተቀብለው ገለበጡት። ፀሐይዋን አዩ። ፀሐይዋም ቅንድቧን ሰቅላ አየቻቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው አንገቱን አወጣ።

«ይቺ ማን ናት?»

ውዳሴ አንገቷን ደፋች። «ፀሐይ ናት... ክፉ ደመና ሲመጣ ገና ስታየው የምታባርር። ጎበዝ ናት፣ እማማ። ያለ እሷ ልጅቱ አትበርም።»

እማማ ስንዱ በጣታቸው የተሣለውን ጥርስ ነካ አደረጉት፣ ቀጥሎ የራሳቸውን።

«ፍንጭቴን አጠበብሽው» አሉ። «የእኔ ከዚህ ይሰፋል።»

ክዳኑን በርሜሉ ላይ ግጥም አድርገው ከደኑና ከበርጩማው ብድግ አሉ። «የታለ ያ አልቃሻ?»

ክዳኑ መጣ፣ በርሜሉ ተከደነ፤ በርሜሉ ተከደነ፣ እማማ ስንዱ ተነሱ፤ እማማ ስንዱ ተነሱ፣ ልጁ ታዘለ፤ ልጁ ታዘለ፣ ምናሴ ወጣ፤ ምናሴ ወጣ፣ በሩ ተበየደ፤ በሩ ተበየደ፣ ሳጥኑ ተነሳ (ትራሱ በሳሙና ታጥቦ ነበር፣ ማንም ምንም አላለም)፤ ሳጥኑ ተነሳ፣ ጋሽ ዳምጤ ተነስተው ሳጥኑ ላይ ተደላደሉ፤ ጋሽ ዳምጤ ተደላደሉ፣ ጎማው ተፈታ፤ ጎማው ተፈታ፣ መኪናው ዞረ፤ መኪናው ዞረ፣ ክንፉ ተሰፋ።

«ይሄን ስፌት የሚያወልቀው» አሉ ጋሽ ፈለቀ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ፣ «ትከሻሽንም አብሮ ነው የሚያወልቀው።»

ቅዳሜ ጠዋት ውዳሴ ወጣች። ሰማያዊ ጸጉር፣ ነጭ ክንፍ፣ በትከሻዋ የደብዳቤ ከረጢት። ክንፉ ከደረጃው ሰፍቶ በጎን በጎኗ ነው የወረደችው። «ሥራ የፈታ ሁሉ» ያለው ጎረቤት እንኳ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ክንፍ አላት፣ ጋሻ ግን የላትም። ግራ እጇ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ልትለምን አልደፈረችም፤ አንዴ የመለሰችውን እንዴት መልሳ ትጠይቅ?

ግቢው በር ላይ ስትደርስ ከአራተኛ ፎቅ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ዶሮ!»

ቀና አለች። እማማ ስንዱ በመስኮት ክዳኑን ያወዛውዛሉ። «ፊቴን እዚህ ጥለሽው የት ነው የምትሄጂው?»

«በርሜሉስ እማማ?»

«ሰፌድ የለኝም እንዴ!» አሉ፣ ሰፌዱ ዛሬ የተሰቀለ ይመስል። «ቀለምሽንም ይዘሽ ነይ። ፍንጭቴ ይስተካከል፣ ከዚያ ትበሪያለሽ።»

ተስተካከለ። እሳቸው ጥርሳቸውን ገልጠው ቆሙላት፣ እሷ አየት እያደረገች ጥቁሩን መስመር አሰፋችው።

መድረክ ላይ ውዳሴ ዞረች። ዘለለች። ደግማ ዘለለች። ክንፉ ንቅንቅ አላለም፤ አንዲት ላባ አልረገፈችም። አምና የሳቀው አዳራሽ ዘንድሮ ቆሞ አጨበጨበ። አስተዋዋቂው ማይኩን አስጠግቶ ጋሻው ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ጠየቃት።

«ከላዬ የምትኖር ፀሐይ ናት» አለች።

ማታ ክዳኑ ወደ በርሜሉ ተመለሰ፤ ፀሐይዋ ወደ ላይ እንዳየች። እማማ ስንዱ ክዳኑን አሁንም ሐሙስ ሐሙስ አጥበው ደረጃው ላይ ያቆሙታል። እሮብም መሆን ይችል ነበር። እሳቸው ግን ሐሙስን ነው የወደዱት፤ ቆሻሻ የሚያወጣው ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ። የሚያነሳው የለም። ልጅ አዋቂው ቅንድቧን ሲያይ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» ብሎ ያልፋል።

የእኔም ወሬ ክዳኑን አገኘ፤ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑልኝ፣ ድመቷ እንዳትጠጣው።