ሸክላ ሠሪዋ ትርንጎ እና የጉንጉን አምባ ምንጭ

ተነሱ፣ ተነሱ። ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ወረቀት ስትሞሉ ልትውሉ ነው? ስለ ምንጩ ልንጠይቅዎ መጣን አላችሁኝ፤ ምንጩ እኮ ያለው እዚያ ታች ነው። እየሄድን ላውራችሁ። እኔ ተቀምጬ ማውራት አይሆንልኝም፤ ዛሬ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጭራሽ አልተቀመጥኩም። አንቺ መነጽር ያደረግሽው ልጅ፣ ስምሽ ማን ነበር? ርብቃ። ርብቃ፣ ወረቀቱን ያዢ፣ ግን አሁን አትጻፊ። ምን አልሽ? ሹፌሩ በዘጠኝ ሰዓት እንመለሳለን ብሏል? ይጠብቃላ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዩኒቨርሲቲ ድረስ የመጣችሁት ዘላቂ ልማት ልታጠኑ ነው፤ ጎበዞች። ወረቀታችሁ ላይ «የውሃ ተቋሙን የሠራው ማን ነው?» ይላል። ከሥሩ አራት ሳጥን አለ። መንግሥት፣ ድርጅት፣ ማኅበረሰብ፣ ሌላ። ምንጩን ያቆየችልንን ሰው በየትኛው ታስገቧታላችሁ? «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት ልታደርጊ ነው? ተይ ልጄ፣ መጀመሪያ ስሚኝ።

ድሮ ነው። ከድሮም ወዲያ በነበረው ድሮ፣ የአያቴ አያት ገና በእናቱ ጀርባ ሲታዘል፣ ጉንጉን አምባ ሠላሳ ጎጆ ብቻ በነበረ ጊዜ፣ ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ባሏ ሞቷል። ልጅ የላትም። ቤቷ ከመንደሩ ጠርዝ፣ ከሁሉም ቤት በታች ነበር። እዚያ የተቀመጠችው ወድዳ አይደለም። የሠራችውን እንስራ ሁሉም ይገዛል፤ በእንስራዋ ውሃ ይጠጣል፤ እሷን ግን ከደጃፉ አያሳልፋትም። ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ይበላል ይባል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለንና ይህን ያሉት የእኔው ዘመዶች ናቸው።

ትርንጎ መቀመጥ አይሆንላትም። በእኛ አገር ሸክላ ሲሠራ እንስራው ይቆማል፣ ሠሪዋ ትዞራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትዞር እግሯ ማረፍን ረሳ። ነገር ከገረማት ትነሳለች፤ ከተነሳች ትሄዳለች። ለሸክላ የሚሆን አፈር ፍለጋ ያልረገጠችው ሸለቆ አልነበረም።

ታዲያ አንድ በጋ ምንጩ ደከመ። ሴቶች ተሰልፈው መጣላት ጀመሩ። የመንደሩ ጭቃ ሹም፣ ማለትም አዛዡ፣ ወሰኑ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ችኩል ነበር። «የምንጩ ዓይን ጠቦ ነው፣ ቆፍራችሁ አስፉት» አለ። ወንዶቹ በዶማ ቆፈሩ። አንድ ክንድ ቆፈሩ፤ ውሃው ጨመረ። ደስ አላቸው። ሁለት ክንድ ቆፈሩ። በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ሲወርዱ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ብቻ ነው። ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ይህን ነው።

ማን አጠፋው? ወሰኑ አላጠፋም። ዶማ የያዙትም አላጠፉም። «ትርንጎ ከምንጩ በላይ አፈር ስትቆፍር አይቻታለሁ» አለ አንዱ። በቃ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ሽማግሌዎች ከመንደሩ የዋንዛ ዛፍ ሥር ተቀመጡና ፈረዱ። «በሰባተኛው ቀን አገር ልቀቂ» አሏት። እሷ ቆማ ሰማች። ሸክላ ሠሪ በሸንጎ አትቀመጥም።

«ጌቶቼ፣ ፍርድ ፍርድ ነው፤ እሄዳለሁ» አለች። «ግን ሰባቱ ቀን የእኔ ናቸው?»

«ያንቺ ናቸው» አለ ወሰኑ።

«እንግዲያስ ውሃው የት እንደሄደ ልጠይቅ።»

መጀመሪያ ሰው ጠየቀች። ሠላሳ ደጃፍ ቆመች። «ውሃው ከመጥፋቱ በፊት ደፍርሶ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀች። «ወንዶቹ ከጉድጓዱ ሥር ያወጡት አፈር ምን ዓይነት ነበር?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ውሻ ለቀቀባት። አንዷ ልጇን በነጠላ ሸፈነች። ሠላሳ ደጃፍ ቆማ አንድ መልስ አላገኘችም። አያችሁ፣ እናንተ ዛሬ ወንበር ቀረበላችሁ፣ እርጎ ተቀዳላችሁ፤ መጠየቅ ቀላል መሰላችሁ።

«ሰው ካልመለሰልኝ እግሬ ይጠይቅ» አለች። ተነሳች። ሄደች። ከምንጩ ጀምራ ቁልቁል ወረደች። ሣር አየች፤ ደርቋል። ድንጋይ ገለበጠች፤ ደርቋል። ተነሳች፤ ሄደች። በሁለተኛው ቀን እሾህ እግሯን በሳው። ነቅላ ጣለችና ሄደች። በሦስተኛው ቀን ያ ከፊታችሁ ያለው ገደል ግርጌ ደረሰች። እዚያ በደረቅ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል። ሥሩ ያለው ሣር ገና ብቅ ማለቱ ነው። አዲስ ውሃ ነው። እንስራ ተሸክሞ ያንን ገደል የሚወጣ ሰው ደግሞ የለም። ትርንጎ ቀመሰችው። የጉንጉን አምባ ምንጭ ጣዕም ነው።

ያን ጊዜ ገባት። ምንጩ የተኛው በጭቃ ወለል ላይ ነበር። ወንዶቹ ሁለተኛውን ክንድ ሲቆፍሩ ወለሉን በሱት። ቂጡ የተበሳ እንስራ ማን ሞልቶት ያውቃል?

ተመልሳ ተናገረች። አልሰሟትም። «ውሃ ሁሉ ውሃ ነው፤ የእኛ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለ ወሰኑ። እውነቱን ነው፤ ማስረጃ ይጠየቃል። እሷም ማስረጃ አሰበች። «ሁለት ሰው ገደሉ ግርጌ ይቀመጥ» አለች። አንድ ጎረምሳና አንድ ቢሰውር የሚባል አንካሳ ሰው ተላኩ። ከሩቁ ወንዝ ግማሽ ቀን ተጉዛ በጀርባዋ ያመጣችውን ውሃ ወሰደች። እንስራ የምትቀባበትን ቀይ አፈር በጠበጠችበት። ጉድጓዱ ውስጥ ደፋችው። ጠጥቶት ጠፋ።

ይህን ቀላል ነገር ማን ያበላሸዋል? እኛ እናበላሸዋለን! ለምን እንደሚቀመጡ፣ ምን እንደሚጠብቁ ለሁለቱ ሰዎች ማንም አልነገራቸውም። እሷ ወሰኑ ነግሯቸዋል ብላለች፤ ወሰኑ እሷ ነግራቸዋለች ብሏል። ከዓለቱ ቀይ ውሃ ሲወርድ ጎረምሳው ብድግ ብሎ ሮጠ። «ምድሪቱ ደማች! ትርንጎ ምድሪቱን ወጋቻት!» እያለ መንደር ገባ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ። ሴቶች ጮኹ። ወንዶች ድንጋይ አነሱ። «ምን ሰባት ቀን! ዛሬውኑ ትውጣ!» ተባለ። ትርንጎ አልሸሸችም። ግን ፈራች ይባላል። ለምን አትፈራ?

ይህ ሁሉ ሲሆን ቢሰውር እያነከሰ መጣ። ሁለቱ መዳፎቹ ቀይ ናቸው። በሁሉም ፊት አንዱን መዳፉን ላሰው።

«ደም ጨው ጨው ይላል» አለ። «ይህ አፈር አፈር ይላል። ቤቴ ያለው እንስራ ገና አዲስ ሳለ ውሃው እንዲህ ይል ነበር።»

ድንጋይ የያዘ ሁሉ ድንጋዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እንዲያው ባገኘው ያንን አንካሳ ጉልበቱን እስመው ነበር።

ቀኑ አራተኛው ነው። ትርንጎ ሦስት ቀን ቀራት። «ወለሉን እደፍነዋለሁ» አለች። ውሃ የሚይዘው ጥቁር ጭቃ ከሁለት ሸለቆ ማዶ ነበር፤ ወንዶቹን እዚያ ድረስ መርታ በአህያ አስጫነች። ግን ጭቃ ካልተረገጠ አይያያዝም፤ ካልራሰ ደግሞ አይረገጥም። ውሃ የለማ! በየቤቱ ያለችው ከሩቁ ወንዝ የመጣች አንዳንድ እንስራ ናት። ለልጆች በኩባያ የምትታደል።

«እሷን ውሃ አምጡና ጭቃው ላይ ድፉ» አለች ትርንጎ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እናንተስ ብትሆኑ? ልጃችሁ ከንፈሩ ደርቆ ያያችኋል፤ አንዲት የተፈረደባት ሴት የመጨረሻ ውሃችሁን መሬት ላይ ድፉ ትላችኋለች። ትርንጎ ከቤቷ የራሷን አምጥታ ደፋች። አሁንም ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የወሰኑ ሚስት ደብሪቱ ወጣች። አራት ልጆች ነበሯት። እንስራዋን አዘለች፤ ጭቃው ላይ ደፋች፤ አለቀሰች። «ልጆቼ ነገም ይጠማሉ፣ ከነገ ወዲያም ይጠማሉ» አለች። ከዚያ ሌላዋ ደፋች። ከዚያ ሌላዋ ደፋች። ሠላሳው ቤት ደፋ።

በሸክላ ሠሪ ጭቃ ውስጥ እግር መንከር ነውር ነበር። ወሰኑ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ከዚያ ሁሉም ገባ። አምስተኛውን ቀን ረገጡ። ስድስተኛውን ቀን ረገጡ። እሷ ጉድጓዱ ውስጥ ሆና እያዞረች ትመርጋለች፣ በጡጫዋ ትደበድባለች። «እዚህ አጥብቁ፣ እዚያ ጨምሩ» ስትል ጭቃ ሹሙ «እሺ» ይል ነበር። በስድስተኛው ቀን ጨረሱ። ውሃው አልመጣም።

በሰባተኛው ቀን ጠዋትም አልመጣም። መንደሩ በሙሉ ጉድጓዱን ከቦ ተቀመጠ። ልጆች ይነጫነጫሉ። «ውሃችንን አስደፍታን…» የሚል ጉምጉምታ ተነሳ። ትርንጎ አልተቀመጠችም። ጉድጓዱን ትዞራለች፣ ትዞራለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቢሰውር «ያ ምንድን ነው የሚያብለጨልጨው?» አለ። መዳፍ የምታህል ውሃ ናት። ከዚያ ቁርጭምጭሚት ደረሰች። ከዚያ ጉልበት ደረሰች። አልፈሰሰችም፣ አልሰረገችም። ቆመች።

እልልታው ማዶ ድረስ ተሰማ። ወንዶቹ እየተረጫጩ እንደ ልጅ ተላፉ። ወሰኑ በሬ አሳረደ። ሰው ጠጣ፣ ከብት ጠጣ፣ ዋንዛው ሥር ድግስ ሆነ። ደብሪቱ በቅል ውሃ ቀድታ «ይህ የትርንጎ ነው» ብላ ተነሳች። ዞር ብላ ፈለገቻት። የለችም።

ቤቷ ሄዱ። ወለሉ ተጠርጓል። በሩ በእሾህ ተዘግቷል። ዕቃዋ የለም። ያን ጊዜ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ሰባተኛው ቀን ነው። ፍርዱን ያነሳ ሰው አልነበረም። ወሰኑ ሽማግሌዎቹ ነግረዋታል ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወሰኑ ነግሯታል ብለው ነበር። ደብሪቱ ደግሞ ይህ እንኳ መነገርም አያስፈልገውም ብላ ነበር። ሰው ሁሉ በውሃው ደስታ ላይ ነበር።

ሮጡ። የእግሯን ዱካ ተከትለው እስከ ሩቁ ወንዝ ሮጡ። ዱካው ወንዙ ውስጥ ገባ፤ በማዶ አልወጣም። ሦስት ወረዳ ጠየቁ። አልተገኘችም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጨው ነጋዴ መጣ። በመንገድ ላይ ሸክሟን ያገዛት ሴት ነበረች። «ውሃው ከመጣ ምነው ወጣሽ?» ቢላት «ፍርድ ነበረብኝ፤ ማንም ቅሪ አላለኝም» አለችው አሉ።  

ከዚያ ወዲህ ጉንጉን አምባ ውስጥ ሠርግ ይሁን እድር፣ ደቦ ይሁን ሽምግልና፣ ሰው ከመበተኑ በፊት ትልቁ ሰው ይቆምና «ትርንጎ ተጠርታለች?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሁሉም ግራ ቀኙን ያያል። ማን ቀረ? ማን ሳይነገረው ቀረ? የቀረ ሰው ካለ አንዱ ተነስቶ ሄዶ ይጠራዋል። እሱ ሳይመጣ ማንም አይነሳም። ለልጅ ልጅ የወረደ ልማድ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ቆሜ ጠይቄያለሁ።

ይኸው ደረስን። ይህ ነው ምንጩ። ጠጡ፣ ጠጡ።

ርብቃ፣ እስቲ አሁን ያንን የምትጠይቋቸውን ቤቶች ዝርዝር አውጪው። ስንት ቤት ይላል? አርባ ስምንት። ቀና በሉና ወደ ታች እዩ፤ ከቁልቋሉ ጀርባ ጭስ የሚወጣባቸው ሦስት ቤቶች ይታዩአችኋል? ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። የዚህን ወለል ጭቃ በየዓመቱ አይተው፣ ነክተው፣ «እዚህ ሳስቷል» የሚሉን እነሱ ናቸው። ስማቸው ወረቀታችሁ ላይ አለ? ፈልጊ። ደግመሽ ፈልጊ። የለም።

ዝርዝሩን ትናንት የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። ስም እየጠራሁ ያስጻፍኳችሁ እኔው ነኝ። በጠዋት ነው ትዝ ያለኝ፤ ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ።

በሉ፣ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ያንሸራትታል፤ ተጠንቀቁ። እኔ ልቅደም። ደጃፉን የማንኳኳው እኔ ነኝ።